ማዘር አንደኛ የወጣችበት ክረምት

ሥራህ ምንድን ነው ስባል ቶሎ መልስ አይመጣልኝም። ሥራዬን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም፤ ስሙን ስለሚቀያይሩብኝ ነው። ስቀጠር «የሠራተኛ አስተዳደር» ነበርኩ። ከዚያ «የሰው ኃይል» ተባልኩ። አንድ ዓርብ ኃይል ሆኜ ወጣሁ፤ ሰኞ ጠዋት ስገባ በሩ ላይ «የሰው ሀብት» ተለጥፎ ጠበቀኝ። አሁን ደግሞ «ፒፕል ኤንድ ካልቸር» ሆኛለሁ። የግቢው ጥበቃ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆኝ «ሕዝብና ባህል» ብዬ ስተረጉምለት፣ አስቦ አስቦ «ታዲያ ጭፈራው መቼ ነው?» አለኝ። ስሙ ይለዋወጥ እንጂ ሥራው ያው ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ ማን ይሂድ።

በወጣትነቴ የገባሁበት የመንግሥት ፋብሪካ ውስጥ ሰው የሚለካው በመፈክር ነበር። ጠዋት ምርት ስለማሳደግ እንሰበሰባለን፤ ስብሰባው ሲያልቅ ለምርቱ የሚተርፍ ጊዜ አይኖርም። ዓመቱ ሲያልቅ ኮከብ ሠራተኛ ይመረጣል። ኮከቡ አብዛኛውን ጊዜ ከማሽኑ ይልቅ ለመድረኩ የሚቀርብ ሰው ነው። መንግሥት ሲለወጥ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተዛወርኩ፤ እዚያ ደግሞ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ደረሰብኝ። ግድግዳውን አፍርሰን በመስታወት ተካነው። ባለጉዳዩ ድሮ «ነገ ተመለስ» የሚለውን ሰው ሳያይ ይመለስ ነበር፤ አሁን እያየው ይመለሳል። ከዚያ የጃፓኖቹ ካይዘን መጣና የስቴፕለር ማስቀመጫውን ቦታ በቢጫ ቀለም አሰመርን። ስቴፕለር አልነበረንም፤ መስመሩ ግን ያምር ነበር። ለሁሉም አጨበጨብን። ለአንዱ መምጣት ስናጨበጭብ ለሌላው መሄድም አብረን እያጨበጨብን ነበር መሰለኝ።

ያንን ሁሉ ትቼ ቦሌ ሩዋንዳ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ የግል ላውንደሪ ገባሁ። የሆቴሎችንና የእንግዳ ማረፊያዎችን አንሶላ፣ ፎጣና የጠረጴዛ ልብስ እያጠበና እየተኮሰ የሚመልስ ቤት ነው። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ወሬያችንን ከመሃል እናቆማለን፤ ድምፁ ሲርቅ ካቆምንበት ቃል እንቀጥላለን። አዲስ የተቀጠረ ሰው ይህን እስኪለምድ ሁላችንም በአንድ ጊዜ የተኮራረፍን ይመስለዋል።

ባለቤቱ ሐጂ ነበሩ፤ መርካቶ ጨርቅ ከመሸጥ ተነስተው ቦሌ የደረሱ ወሎዬ። የሐጂ አስተዳደር የትም አልተጻፈም። የሠራተኛውን ሁሉ የቤት ጣጣ በቃላቸው ያውቃሉ። ማን እንዳረገዘች ከባሏ ቀድመው ይሰማሉ። ልጅ የታመመበት ሰው ገና ፈቃድ ሳይጠይቅ «ሂድ፣ አብሽር» ይሉታል። ለቅሶ ከሆነ ማሽኑን አስጠፍተው እኛን በዕቃ መጫኛው አይሱዙ ጭነው ይወስዱናል፤ የሆቴሉ አንሶላ ቀብሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ይህን ሳወራ የዛሬ ወጣቶች ዓይናቸው እንባ ያቀርራል። ይጠርጉት። ሐጂ ለሠራተኛ ሠርግ በሬ ይገዛሉ፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲነሳ ግን ጆሯቸው ይደፈናል። በተናደዱ ቁጥር ሰው ያባርራሉ። የተባረረው ሽማግሌ ይልካል፣ ሐጂ «ለእናንተ ስል ነው» ይላሉ፣ ሰውዬው በማግስቱ ካውያው ጋ ይገኛል። ሽማግሌ የሚልክለት ወገን የሌለው ግን እንደተባረረ ይቀራል። የአክስታቸው ልጅ ደግሞ ከምሳ በኋላ ትኩስ ፎጣ ክምር ላይ ተጋድማ ታንኮራፋለች፤ ማንም አይናገራትም፤ እንዲያውም ቀስ ብለን ነው የምናልፋት። ፍቅር ነበር፣ አልክድም። ፍቅሩ ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም ነበር። አንድ ነገር ላይ ብቻ አያዳሉም፤ የጡረታ መዋጮአችንን በየወሩ ሳያዛንፉ ያስገባሉ። «በዚህስ አላህ ይጠይቀኛል» ይሉ ነበር።

ማዘርን የቀጠሯት ለቅሶ ቤት ነው። ባሏ ሲሞት ሐጂ ጎረቤት ነበሩና ለቅሶ ደረሱ፤ ሲወጡ ጎንበስ ብለው «ነገ ነይና ሥራ ጀምሪ» አሏት። ጊዜው የመስቀል ሰሞን ነበር። ዕድሜዋ ያን ጊዜ ወደ ሃምሳ ተጠግቷል። የላውንደሪው ልጆች ማዘር ይሏታል፤ እኔም እንደነሱ።

እዚህ ላይ አንባቢ ከማዘር ድብቅ ጥበብ እንዳይጠብቅ እለምናለሁ። የላትም። እጇ ቀርፋፋ ነው፣ አበቃ። አንድ አንሶላ ስትተኩስ ስለ አንሶላው ታስባለች፣ ከዚያ ላዩ ላይ ስለሚተኛው እንግዳ ታስባለች፣ ከዚያ ካውያውን አቁማ ስለ እንግዳው እናት ታስባለች። በሩ ሲከፈት ቀና ብላ የገባውን ሰላም ትላለች፤ ሰላምታዋ ከሰውዬው ጀምሮ ቤቱን፣ ልጆቹን፣ አከራዩን ሳያዳርስ አያልቅም። ሐጂ ራሳቸው «ይች ሴትዮ አንሶላውን ስትጨርስ ሆቴሉ ይዘጋል» ይሉ ነበር። ግን አያባርሯትም።

ማዘር የምትፈጥንበት አንድ ነገር ምሳ ነው። እኛ ቤት ሰው የየራሱን ምሳ ዕቃ ታቅፎ አይበላም። ሁሉም ያመጣውን ትሪ ላይ ይገለብጣል። በፍስክ ቀን ትሪው ሁለት ነው፤ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ሥጋ ስለማይቀላቀል። ረቡዕና ዓርብ ግን ክርስቲያኑ ይጾማል፣ ሙስሊሙም ለሱ ሲል ሽሮና ምስር ይዞ ይመጣል፤ አንድ ትሪ ይበቃናል። ስለዚህ እኛ ዘንድ የድግስ ቀን የጾም ቀን ነው። ትሪውን የምታሰናዳው ማዘር ናት። ምሳ ያልያዘ ማን እንደሆነ ፊቱን አይታ ታውቃለች፤ ሰዉን ጠጋ ጠጋ አድርጋ ቦታ ታበጅለታለች።

ከወላይታ የመጣው ልብስ ተኳሽ የገባው በዚህ በር ነው። የመጀመሪያው ሰሞን ምሳ ሲደርስ ጥግ ይዞ ውሃ ይጠጣ ነበር። ማዘር ክንዱን ይዛ አመጣችውና አጠገቧ አስቀመጠችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እናቴ» ነው የሚላት። ጴንጤ ነው፤ መዝሙር እያንጎራጎረ ሲተኩስ እጁ አይታይም፣ የሚታየው አንሶላው ተጣጥፎ ሲያልቅ ነው። ፈጣን ነው፤ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ለክቶት አይደለም።

ሐጂ ሲደክማቸው ቤቱን ለልጃቸው አስረከቡ። ክፉ ሰው አይደለችም። ልጅ ሆና በጉርብትና ማዘር ቤት፣ ጭኗ ላይ ተቀምጣ ጎርሳለች። ግን ሥራ አመራር ተምራለች፤ የተማረውን የማይሠራበት ሰው ደግሞ የለም። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ እየተጠጣ አማካሪ ተቀጠረ። ሱሪው አጭር፣ ጫማው ያለ ካልሲ፣ ሳቁ ሰፊ የሆነ ልጅ ነው። የመጣ ቀን ተኳሾቹ መሃል ቆሞ ስልኩ ላይ ሰዓት ሲይዝ ዋለ። ማዘር «ይህ ልጅ ምን ጠፋው?» ብላ ወንበር አመጣችለት።

«ጋሼ፣ እኔ ሰው ላይ ምንም ፕሮብሌም የለኝም» አለኝ ምሳ ላይ። «ፕሮሰሱ ላይ ነው። ዳታው ራሱ ይናገራል፣ እኛ መስማት ብቻ ነው።»

ዳታው መናገር ጀመረ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ባጅ ተሰጠው። አንድ ክምር ተኩሶ ሲጨርስ ባጁን ማሽኑ ላይ ያስነካል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ትልቅ ስክሪን ማን ስንተኛ እንደሆነ ያሳያል። ድሮ ግድግዳው ላይ የሐጂ የመካ ፎቶ ነበር። ምሳ በፈረቃ ሆነ፤ ማሽን መቆም የለበትም ተባለ። ሦስት ሦስት እየሆንን እንወጣለን፤ የጾመውና ያልጾመው፣ የያዘውና ያልያዘው ሳይገናኝ ይቀራል። ትሪዎቹ ቁም ሳጥን ላይ ወጡ። ሰው ምሳ ዕቃውን ታቅፎ ስልኩን እያየ መብላት ጀመረ። አማካሪው በዚህ ብዙ ደቂቃ እንዳተረፈ ነገረን፤ ደቂቃዎቹን የት እንዳስቀመጣቸው አልነገረንም።

ከዚያ በግንቦት አዲሱ ደንብ መጣ። ሐምሌ ሲያልቅ ስክሪኑ ይዘጋል፤ መጨረሻ ላይ የተገኘው ሰው ይሰናበታል፤ ቦታውም አብሮት ይታጠፋል። አንደኛ የወጣው ይሸለማል።

ደንቡ ሲነበብ ሁሉም ማዘርን ላለማየት አንገቱን አቀረቀረ። ስሟ ስክሪኑ ላይ የት እንዳለ ለማወቅ ከላይ መጀመር አያስፈልግም ነበር። ጉዳዩ ደግሞ ሥራ የማጣት ብቻ አይደለም። ለመስቀል ዐሥር ዓመት ይሞላታል፤ ዕድሜዋም ለጡረታ ይደርሳል። ዐሥር ዓመት ከሞላት እስክትሞት የወር ጡረታ አላት። ካልሞላት ያዋጣችውን ቁራሽ ተቀብላ መሄድ ነው። ልጅ የላትም። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ ግቢው ውስጥ አልነበረም፤ ትሪ ላይ የማይወራ ነገር የለማ። በሐጂ ጊዜ ቢሆን ሽማግሌ ይላካል። ለስክሪን ማንን ትልካለህ?

ማን እንደጀመረው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የማዘር ባጅ ማሰሪያው አንገቷን ስለሚበላት ጠረጴዛዋ አጠገብ ምስማር ላይ ነው የምትሰቅለው። ከልጆቹ አንዷ ስታልፍ የራሷን ክምር በማዘር ባጅ አስነካች። ሌላዋ አየች፤ ቆይታ እሷም አስነካች። ደቦ ነው እንግዲህ። አጨዳ የደረሰበት ገበሬ የሚጠራውን ደቦ እኛ ቦሌ ላይ ሳንጠራ ወጣን።

አገር ቤት ግን ደቦ የወጣው ሰው ማሳው ላይ ይታያል፤ ይበቃል ሲባል ይቆማል። የኛ በስውር ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ብቻውን የሚያግዛት ይመስለው ነበር። ሲተዋወቁ ደግሞ ባሰ፤ ይሉኝታ ገባ። እገሊት ጠዋትም ከሰዓትም አስነካች ሲባል፣ ጠዋት ብቻ ያስነካው ያፍራል። «እኔ ለማዘር ያነሰ ሰጠሁ?» እየተባለ በሽቅድድም ሆነ። ይብቃን ሊል የፈለገም የሰሰተ እንዳይመስል እሱም ጨምሮ ያስነካል። እኔ በዚያ ሳልፍ ዝናቡን በመስኮት እመለከት ነበር፤ የዚያን ዓመት ሐምሌ እንደኔ ዝናብ ያየ ሰው የለም።

ማዘር አታውቅም ነበር። ስክሪኑን አታየውም፤ ያየችው የተሰቀለ ቀን «ኳስ ያሳየናል?» ብላ ጠይቃ፣ አያሳይም ስትባል ትታዋለች።

ሐምሌ አለቀ፣ ስክሪኑ ተዘጋ። ማዘር አንደኛ።

ከመጨረሻው ማምለጧን እንጂ ይህን ያሰበ አልነበረም። ሳቅ አፍነን እርስ በርስ ተያየን። ሳቁ የቆመው ዓይናችን ወደ ታች ሲወርድ ነው። የመጨረሻው መስመር ላይ ያለው ስም የወላይታው ልጅ ነበር። ከሁላችን የፈጠነው እሱ፣ ከሁላችንም አብልጦ ሰጥቶ ኖሯል። ፈጥኖ የጨረሰውን ሁሉ ምስማር ላይ ባለው የሷ ባጅ እያስነካ፣ ለራሱ ስንት እንደቀረው አላየም። ሚስቱ አራስ ነበረች።

አማካሪው ግን ደስታውን አልቻለውም። ስልሳ ዓመት የተጠጋች ሴት ወጣቱን ሁሉ ማስከንዳቷን እንደ ግኝት ያዘው። ካሜራ አቁሞ ማዘርን ስትተኩስ ቀረጻት። «አያችሁ?» አለን በስክሪኑ እያሳየ፤ «የሚባክን እንቅስቃሴ የለም!» ልክ ነው፤ እንቅስቃሴው ራሱ የለም። ካውያውን አቁማ ካሜራውን የያዘውን ልጅ «እናትህ ደኅና ናቸው?» ያለችበትን ቦታ ሳይቀር «ስትራቴጂክ እረፍት» ብሎ ሰየመው። ከዚያ ለመላው ክፍል ሥልጠና ሰጠ፤ ሁሉም እንደ ማዘር እንዲተኩስ። ሁሉም እንደ ማዘር ተኮሰ። ከሆቴሎቹ ስልክ ይደወል ጀመር፤ አንሶላው ኮሪደሩን ሞልቶ ደረጃው ላይ ተቆለለ። አማካሪው የሽግግር ጊዜ ነው አለ።

ወደ አዲሷ ባለቤት፣ ወደ ሐጂ ልጅ ቢሮ ገባሁ። አማካሪው አጠገቧ ተቀምጧል።

«ማዘርን ከልጅነትሽ ታውቂያታለሽ» አልኳት። «የወላይታውንም ታውቂዋለሽ። ይህ ስክሪን የሚለው እውነት ይመስልሻል?»

«ጋሼ፣ ሰው እኮ ይለወጣል። ሥርዓት ሲኖር ሰው ይለወጣል። እርስዎ ሥርዓቱን ከመጀመሪያውም አልወደዱትም።»

አማካሪው ጣልቃ ገባ። «ዳታው ተነካክቶ ከሆነ ቀላል ነው፣ ጋሼ። በመመሪያው የነካካው ሁሉ ይሰናበታል። የሚያውቁት ሰው አለ?»

ግቢው ውስጥ ካለው ሰው ያልነካካው ውሻው ብቻ ነው። «የማውቀው የለም» ብዬ ወጣሁ። እንዲህ ያለ ንዴት ተናድጄ አላውቅም።

ሐጂ ቤት ሄድኩ። ጋቢ ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል። ጉዳዩን እስክጨርስ ሰሙኝና «አብሽር፣ ልጅቱን አናግራታለሁ» አሉኝ። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል «የማዘር ልጅ ሠርግ መቼ ነው? በሬ እንዳንረሳ» አሉኝ። ማዘር ልጅ የላትም፤ ይህንንም ዱሮ ለኔ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ያ ሁሉ የሰው ጣጣ የተቀመጠው እሳቸው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር፤ ጭንቅላቱ ሲደክም አስተዳደሩም አብሮ ደከመ። እጃቸውን ስሜ ተመለስኩ።

ሽልማቱ በነሐሴ መጀመሪያ ሆነ። አማካሪው ሠራተኛው ተነጣጥሏል የሚል ጥናት ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሰዉ አብሮ አይበላም፣ አይጫወትም አለ። መድኃኒቱን ይዞ ነው የመጣው፤ «የአብሮነት ምሳ»፣ በየሦስት ወሩ፣ ግዴታ፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ «እኛ አንድ ቤተሰብ ነን» የሚል ትልቅ ባነር ተሰቀለ። ምሳው ከሬስቶራንት መጣ፤ በየካርቶኑ የታሸገ የሥጋ ሳንድዊች፣ ለየሰው አንድ። የሐጂ ልጅ ሐላል እንዲሆን ተጠንቅቃ አዝዛለች፤ ፍልሰታ መሆኑን ግን ማንም አላስታወሳትም። የግቢው እኩሌታ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የሌላውን እኩሌታ ሲበላ ያያል፤ የሚበላውም አፍሮ ቀስ እያለ ያላምጣል። ፎቶ አንሺው «ፈገግ በሉ» ይላል። ቁም ሳጥን ላይ ያሉትን ትሪዎች አውርዱ ያለ የለም።

ማዘር ወደ መድረክ ተጠራች። ከዚያ በፊት በነበረው ማታ ልጆቹ ሁሉን ነግረዋታል፤ የሷንም፣ የወላይታውንም። ማይክሮፎኑን እንደ ጭልፋ ጨብጣ ቆመች።

«እኔ አልሠራሁም» አለች። «እነዚህ ልጆች ናቸው የሠሩልኝ። እኔ እጄ ቀርፋፋ ነው፤ ሐጂም ያውቁታል፣ ይችም ልጅ ታውቀዋለች። አንደኛ እሱ ነው» ብላ የወላይታውን ጠቆመች። «ይህን ሽልማት ለሱ ስጡት። እሱን አታስወጡት።»

ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። እኛ አገር የተሸለመ ሰው የሚናገረው ይህንኑ ነዋ። «እኔ ምንም አላደረግሁም፣ ሁሉም የነሱ ነው» ያላለ ተሸላሚ ባለጌ ነው። ማዘር እውነቱን አንድ ሳታስቀር ተናገረች፤ ሰዎቹ የሰሙት ጨዋነት ብቻ ነው። የሐጂ ልጅ እያለቀሰች አቀፈቻት፤ «ትህትናዋን አያችሁ?» አለች። አማካሪው ስልኩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። የወላይታው ልጅም ከሁሉ አብልጦ አጨበጨበ፤ እሱ እውነት ደስ ብሎት ነው። በማግስቱ የስንብት ደብዳቤውን እኔው ሰጠሁት። አመስግኖኝ ወጣ፤ ቀጥ ያለ ስድብ ይሻለኝ ነበር።

ማዘር ቢሮዬ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። በሩን ዘግታ ተቀመጠች።

«የሱ ቦታ ታጥፏል አሉኝ።»

«ታጥፏል።»

«የኔ ግን አልታጠፈም። እኔ ብሄድ ማንን ታስገባበታለህ?»

የምትለው ወዲያው ገባኝ፤ እንዳልገባኝ መሆን ፈለግሁ። «መስቀል ደርሷል እኮ» አልኳት። «ትንሽ ታገሺ። ጡረታሽን ያዢና ያኔ ሂጂ። ያኔ እሱን እንጠራዋለን።»

«ፍራሹን ጠቅልሏል። ቅዳሜ ሚስቱን ይዞ አገሩ ሊገባ ነው። አንዴ ከገባ ተመልሶ አይመጣም።»

«መስቀል ሩቅ አይደለም አልኩሽ።»

«ለአራስ ሩቅ ነው» አለች።

ሌላ ቦታ ለጥቂት ወር እንኳ እንድትቀጠር ሞከርኩ። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ የማውቃቸውን ላውንደሪዎች ሁሉ ዞርኩ፤ ዕድሜዋን ስነግራቸው ሁሉም ሻይ ጋበዙኝ፣ ማንም አልቀጠራትም። እምቢ አልልሽም፣ ግን የመልቀቂያ ደብዳቤውን አልጽፍልሽም ብላት ራሷ ልጆቹን አስጽፋ አመጣችው። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ያማካሪውን ቋንቋ መናገር ነው። አንደኛዋ ሠራተኛ ስትለቅ ምርቷን የሚሸፍን ሰው ወዲያው ያስፈልጋል አልኩት፤ እንዲያውም በዳታው መሠረት አንድ ሰው አይበቃም፣ ግን በሠለጠነ ሰው እንጀምር። ፊቱ በራ። «ጋሼ፣ አሁን ገባዎት» አለኝ። የሐጂ ልጅ የማዘር ጡረታ ሊሞላ ጥቂት እንደቀረው ስነግራት ደነገጠች፤ ራሷ ጠርታ ለመነቻት። ማዘር «ደክሞኛል» አለች። ኬክ ተቆርጦ ተሸኘች።

ለወላይታው ልጅ የዚያኑ ቀን ደውዬ ፍራሽህን ፍታ፣ እንጠራሃለን አልኩት። እኔ ያሰብኩት በሳምንቱ ነው። ግን ቅጥር አሁን ፕሮሰስ አለው። ማስታወቂያ ወጣ፤ ማመልከቻ ተጠበቀ፤ ዕድሜ ልኩን የተኮሰው የወላይታው ልጅ ስለ መተኮስ የጽሑፍ ፈተና ተፈተነ፤ አማካሪው «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ?» ብሎ ጠየቀው፤ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ስለመለሰ ነጥብ ተቀነሰበት። አዲስ ዓመት ገባ። ደመራው ተለኮሰ። ማዘር የምትሠራ ብትሆን ኖሮ ጠረጴዛዋ ጋ ቆማ ዐሥር ዓመቷን በሞላች ነበር፤ ጠረጴዛው ባዶውን ቆሞ መስቀልን አሳለፈ።

ልጁ የገባው በመስቀል ማግስት ነው። ልብሱን ለውጦ፣ የአዲሱን ባጅ ማሰሪያ እያስተካከለ፣ መጀመሪያ የመጣው እኔ ቢሮ ነበር።

«እናቴስ?» አለኝ።

ማዘር የምለውን አስቀድማ ነግራኛለች፤ እኔንም ልጆቹንም አስምላለች። «ጡረታ ወጣች» አልኩት።

ጣቱን እየቆጠረ ቆመ። ፊቱ ቀስ በቀስ ተከፈተ። «መስቀልም አለፈ። ሞላላት ማለት ነው» አለ። «ጌታ ይመስገን። ያ ሁሉ የለፋንበት ደረሰላት ማለት ነው። እኔንም ጌታ መለሰኝ፣ እሷንም አሳረፋት። ጋሼ፣ ሌላ ምን እንፈልጋለን? አሜን ይበሉ እንጂ።»

አሜን አልኩ።